ለቅሶዋን ደርሻለሁ

ገና ጎህ ሳይቀድ የሚንኳኳ በር መርዶ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ያው ነው። ስከፍት የፎቃችን ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከፊት ያለችው ዘፈን በከፈትኩ ቁጥር ግድግዳዬን የምትደበድበው ጎረቤቴ ናት።

«እናቴ ናት?» አልኩ። እናቴ ሀና ማርያም ብቻዋን ነው የምትኖረው።

«ኧረ እናትህስ ደህና ናቸው። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ያቺ የምትወዳት ዘፋኝ... ትንሽ አሟት ነበር አሉ።»

«አሟት ነበር» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ሰው አይጠፋውም። በልጅነቴ የአባቴ ሬዲዮ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የሰማኋት ሴት ናት። የእሷ ዘመን ዘፋኞች አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ እሷን ብቻ ተውልኝ እያልኩ ከእግዜር ጋር ስደራደር ኖሬያለሁ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ግድግዳ ደብዳቢዋም ትከሻዬን እያሻሸች «አይዞህ፣ ድምጿ እኮ ልዩ ነበር» አለችኝ። ልዩ! ይሄው አፍ ነው ስንት ዓመት «ያን ጩኸት ቀንስልን» ሲለኝ የኖረው።

«ከማን ሰማችሁ?»

«ቲክቶክ ላይ ሞልቷል።»

ደሜ ፈላ። ከሻማ ሥዕል ሥር ፎቶዋን ለጥፎ ላይክ የሚለቅም ሥራ ፈት ያወራውን ይዘው ነው ቤቴ ድረስ መርዶ ያመጡት። ሁሉንም ከቤት አስወጥቼ፣ እውነቱን ራሴ ላይ ብዬ ታክሲ ያዝኩ።

ቤቷን አውቀዋለሁ፣ ለቡ መብራት ኃይል ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አዙሬ በሯን አያለሁ። አንኳኩቼ ግን አላውቅም። ታዋቂ ሰው አይረበሽም እል ነበር።

በሯ ላይ ሰው ስልኩን ይዞ ተኮልኩሏል። እውነት ነው ማለት ነው አልኩ። አንዱ ፀጉሩን አስተካክሎ ስልኩን ወደ ራሱ አዞረና ማልቀስ ጀመረ። ያኔ አላስቻለኝም።

«እናንተ አስመሳዮች! በሕይወት እያለች ማናችሁ መጥታችሁ ጠየቃችኋት?» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ተከፈተ። ጋቢ ተከናንባ፣ ከዘራዋን ተመርኩዛ ራሷ ወጣች። ስልኮቹ ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ። እኔ በደስታ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን እንባዬን አየች፣ ደስ ያላት አትመስልም።

«አንተስ መጥተህ ታውቃለህ?»

«እኔ... ከልጅነቴ ጀምሮ አድናቂዎ ነኝ። ቤቴ እዚሁ ጀሞ ነው።»

«ጀሞ!» አለች። «ጀሞ ተቀምጠህ ስሞት መጣህ?»

«እንዳልረብሽዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ነው የምውለው። ምኔን ነው የምትረብሸው?»

ስልኮቹ ወደ እኔ ዞሩ። ያ ፀጉሩን ያስተካከለው ልጅ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል።

«በል እንግዲህ፣ ለቅሶዬን ደርሰሃል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሁለተኛ እንዳትመጣ።» በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው።

ጎረቤቶቼን እስከ ዛሬ ሰላም አልልም። ዘፈኗንም ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የምከፍተው፤ ግድግዳውን ይደብድቡት። የእውነቱ ቀን ሲመጣ እነሱ ደስ ካላቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቤቷ ይሂዱ። እኔ ለቅሶዋን ደርሻለሁ፤ የምሄድበት የለኝም።