የነቀምቴ ዋጋ፣ የመንደር በቆሎ

ንግድ መማሬ ያስወጣኝ ጠቅላላ ሂሳብ ይህ ነው፦ ሦስት ኩንታል በቆሎ ለነቀዝ፣ አንድ ክረምት ለጭቃ፣ የጎረምሳ ኩራቴ ደግሞ ለጉልት ሴቶች። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከወጡት እኩዮቼ ጋር ሳስተያየው ርካሽ ነው። ቢያንስ የመመረቂያ ሱፍ አልገዛሁም።

ይህን ሂሳብ ያስቆፈረኝ የእህቴ ልጅ ናሆም ነው። ባለፈው እሁድ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣና ገና ወንበር ሳይስብ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደገነው። ቀይና አረንጓዴ የዋጋ ዘንጎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አባቱ የዚሁ የነቀምቴ ሰው ስለሆነ አጎቴ አይለኝም፤ በኦሮምኛ «ኤሱማ» ነው የሚለኝ፣ የእናት ወንድም ማለት ነው። ገንዘብ ሲፈልግ «ኤሱማ ኮ» ይላል፣ የኔ ኤሱማ።

«ኤሱማ ኮ፣ ኮርስ አለ» አለኝ። «የትሬዲንግ። በስልክ ነው የሚሰጠው። ስጨርስ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።»

«አስተማሪው ያውቃል?»

«በደንብ ነዋ።»

«ታዲያ ኮርስ መሸጥ ምን አስፈለገው?»

ስልኩን ይበልጥ አስጠጋልኝ። እኔም ዘንጎቹን ትንሽ አየሁለት። አንዱ አረንጓዴ ሽቅብ ሲወጣ የልጁም ፊት አብሮ ወጣ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። በሃያ አንድ ዓመቴ፣ አንገር ጉቲን ቆላ ውስጥ፣ በቆሎ በሞላው የቆርቆሮ መጋዘን በር ላይ ቆሜ የነበረኝ ፊት ነው።

ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። መንደራችን ስሟ ቁጥር ነበር። ሰውን ከመኪና አራግፎ ስም ለማውጣት ጊዜ ያጣ መንግሥት ቁጥር ሰጥቶን ሄደ፤ እኛም ለመድነው። አገሩ እህል ያበቅላል፤ ችግሩ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ነው፣ ያስነባና ያከሳና ይጥላል። በዚያ ቆላ ሁለት በሬ ያለው ሰው ሰው ነው። አንድ በሬ ያለው ግን ግማሽ ሰው ነው፤ እንደሱ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ መቀናጀት አለበት። መቀናጆ ያጣ ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጥና የራሱን እህል ከሰው እጅ ይቀበላል። አባቴ ሁለት በሬ ነበረው።

ለእኔ እርሻ አልሆነልኝም። ነቀምቴ እህል ለሚነግዱት ለአዴ ቦንቱ ከመንደር መንደር እየዞርኩ በቆሎና ሰሊጥ አፈላልግና ኮሚሽን እቀበል ነበር። አዴ ቦንቱ (አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው) ሰፊ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበሩ። «አከም ጅርታ፣ እናትህስ፣ ከብቱስ» እያሉ ሰላምታውን ሲያስረዝሙ እጃቸው አስቀድሞ ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቷል። ሰላምታው ሲያልቅ እርጥበቱንም፣ እንክርዳዱንም፣ ዋጋውንም ጨርሰዋል። አጥባቂ የወንጌል አማኝ ናቸው። ገበያተኛው «ጸሎታቸውን ለጌታ፣ በቆሏቸውን ለመጀመሪያው ደህና ገዢ» ይላቸው ነበር።

ጥቂት ዓመት አየኋቸውና ንግዱ የገባኝ መሰለኝ። በጥር ርካሽ፣ በሐምሌ ውድ። አለቀ። እጅን ጆንያ ውስጥ መክተት ለምን እንደሚያስፈልግ እንኳ አልገባኝም ነበር።

አንድ የጥር ቀን አባቴና ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ ደጃችን ላይ ለውዝ እየፈለፈሉ ሳሉ ነገሩን አነሳሁ። አንዱ በሬ ይሸጥ፣ በቆሎ ልግዛበት፣ በሐምሌ ሲወደድ ሸጬ በሬውን እተካለሁ፣ ትርፉ የኔ። አባቴ ለረጅም ጊዜ አኘከ። ጋሼ ሰይድ አንድ በሬና ገና ያልተገራ ወይፈን ነበራቸው።

«ዘንድሮን ከኔ ጋር ትቀናጃለህ» አሉት አባቴን። «ለዘንድሮ ብቻ ግን። ለመጪው ጥር ወይፈኔ ቀንበር ይለምዳል ኢንሻ አላህ። ያን ጊዜ በሬ የለኝም ብትለኝ አልሰማህም፣ ከአሁኑ እንተዋወቅ።»

«ሰማህ?» አለኝ አባቴ። «በሬዬ እስከ ጥር።»

«እስከ መስከረም» አልኩት። ጎረምሳ ቀን ሲሰጡት ያሳጥራል።

በሬው ተሸጠ። አሥራ ስድስት ኩንታል በቆሎ ገዛሁ፣ ገሚሱን ከገዛ ጎረቤቶቻችን። የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ስላለባቸው በጥር ሁሉም ሻጭ ነው። ነቀምቴ መጋዘን ኪራዩ ውድ ነው። እዚያው መንደር ውስጥ ግን ከቀድሞው የመንግሥት እርሻ የቀረ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት በትንሽ ብር ተከራየሁ። ይህን የመጀመሪያው ብልጠቴ አድርጌ ቆጠርኩት። ማታ ማታ ሄጄ በሩን ነካ አድርጌ እመለሳለሁ፤ ቁልፉ የተዘጋ መሆኑን ለማየት ነው እላለሁ፣ ውሸት ነው፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ አዴ ቦንቱ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። ያቀረቡልኝ ዋጋ በሬውን መልሶ ለእኔም ደህና ገንዘብ የሚያስተርፍ ነበር።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ዝናቡ ሳይመጣ ልጫንልህ።»

«አዴ ቦንቱ፣ በሐምሌ እኮ ከዚህ በላይ ነው።»

«ሐምሌን ማን አሳየህ?»

«አምናስ? ካቻምናስ? እርስዎ አይደሉ እንዴ በሐምሌ የሸጡት?»

«እኔ የሸጥኩት ነቀምቴ ያለውን ነው። በል ግማሹን ስጠኝና በግማሹ ተጫወት።»

እምቢ አልኩ። አዴ ቦንቱ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ይሄ ልጅ በቆሎ አይደለም የገዛው፣ ሙሽራ ነው ያገባው። በል ንዳ፣ የሰው ትዳር አንበትንም።» ሹፌሩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ።

ዝናቡ በግንቦት ጀመረና በሰኔ ጸና። የእኛ ጭቃ ጥቁር ነው፣ የረገጠውን ጫማ አስቀርቶ እግሩን ብቻ ይመልሳል። ከጉቲን ከተማ ወደ መንደራችን የሚገባው መንገድ ተቆረጠ፤ እስከ ኅዳር መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልም። አህያ እንዳልል ገንዲው አህያም አያስተርፍም፤ የተረፉት ጥቂቶቹ ወፍጮ ቤት ደርሰው ከተመለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ሞባይል ገና ወደ ቆላው መግባቱ ነበር። በመንደሩ ኔትወርክ ያለው አንድ ትልቅ ኩይሳ ላይ ብቻ ስለሆነ ተራ ይዘን እንወጣበታለን። እኔ እየወጣሁ ነቀምቴ እደውላለሁ፣ «ዛሬ ስንት ገባ?» እላለሁ፣ በአሥራ ስድስት አባዛለሁ። ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣል። ኩይሳው ጫፍ ላይ ሀብታም ነኝ፤ ስወርድ ጭቃው ይቀበለኛል። አባቴ ከጋሼ ሰይድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ አርሶ፣ ዘርቶ ጨርሷል። የሚያየው ወይፈኑን ብቻ ነበር። ወይፈኑ በየቀኑ ይወፍራል።

አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጀርባዬን ሞቀኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭን ዝናብ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ነቀዝ ነው። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩና ዱቄት ለብሶ ወጣ።

ወደ ኩይሳው ሮጥኩ። «አዴ ቦንቱ፣ መኪና ይላኩልኝ፣ በሚያዝያ ባሉኝ ዋጋ ይሁን።»

«መኪናዬ ክንፍ የለውም፣ ኢልመ ኮ።»

«ታዲያ ምን ልሁን? ነቀምቴ እንዲህ ተወዶ...»

«የነቀምቴን ዋጋ ለእኔ ተውልኝ፣ አንተ ነቀምቴ ውስጥ አንድ ፍሬ የለህም። በርህ ላይ ስንት ነው?»

ለካ ስንት ወር ሙሉ ይህን አልጠየቅሁም።

«እዚህ ማን በቆሎ ይገዛል፣ አዴ? ሁሉም ገበሬ ነው።»

«ገበሬ በሐምሌ ምን ይበላል?» አሉኝ፣ ካርዴም አለቀ።

ከኩይሳው ስወርድ ባዶ ኬሻ አጣጥፈው በብብታቸው የያዙ ሴቶች ወደ ገበያ ሲወርዱ አየሁ። በየሳምንቱ በመጋዘኔ በር ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። በጥር በቆሏቸውን የገዛኋቸው እነሱው ነበሩ።

ችግሩ ግን ከነሱ አንድም ኩንታል የሚገዛ የለም። በጣሳ ነው የሚገዙት፣ የሁለትና የሦስት ቀን። በጣሳ መስፈር ደግሞ የጉልት ሴት ሥራ ነው። ወንድ ልጅ በኩንታል ይሸጣል፣ ጀርባውን መጋዘን በር ላይ አስደግፎ። ያን ሌሊት ኩራቴንና ወይፈኑን ሳመዛዝን አደርኩ። ወይፈኑ ከበደ።

በገበያው ቀን አንድ ጆንያ ተሸክሜ ጉልቱ መሃል ገባሁ። የጋሼ ሰይድ ሚስት እትዬ ዘይነባ ፕላስቲክ ወጥራ ጨውና በርበሬ ትሸጥ ነበርና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ኩንታል ነጋዴው መጣ» አለች አንዷ። «ልቀቁለት፣ እግሩን ይዘርጋ።»

«ብሩን የት ሊያደርገው ነው? መቀነት የለው።»

«ቢሸጥ አይደል» አለች እትዬ ዘይነባ። «ይሽጥና መቀነቴን እኔ አውሰዋለሁ።»

ጣሳዋን ግን ወዲያው ሰጠችኝ። ዋጋ ስጠየቅ የነቀምቴውን ተናገርኩ። ሴቶቹ እየጠየቁ፣ እየሳቁ አለፉ። እስከ ረፋዱ ድረስ አንድ ጣሳ አልተሸጠም።

«ወንድሜ» አለችኝ እትዬ ዘይነባ፣ «ነቀምቴ ላለው ሰው በስልክ ንገረው። እዚህ ለመጣው ደግሞ የዚህን ንገር።» ስንት ቢሆን እንደሚገዙ እሷው ነገረችኝ። ከነቀምቴው በጣም ያንሳል፣ እኔ ከገዛሁበት ግን ይበልጣል። እንደ መድኃኒት ዋጥኩት።

የመጀመሪያዋ ገዢ ፍሬውን በመዳፏ አገላብጣ አየችው። «ይሄ የኔ በቆሎ አይደለም እንዴ? በጥር ስንት ነበር የወሰድከው?»

ነገርኳት። «አሁንስ?» አለች። ነገርኳት። ትንሽ አሰበች።

«እንግዲህ መጋዘን ተከራይተሃል» አለች፣ «ነቀዝም ቀልበሃል። ሦስት ጣሳ ስፈር።»

ስሰፍር ጣሳውን ነቀነቅኩት። እትዬ ዘይነባ እጄን መታችው። «የነቀነቅከው ጣሳ ብዙ ይውጣል፣ ያንተው ኪሳራ ነው። ዝም ብለህ ሙላው፣ ከላይ ትንሽ ጨምርላት። ትንሽ አልኩህ፣ የሠርግህ አደረግከው።»

ከቀትር በፊት ጆንያው አለቀ። በየገበያው ቀን አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት፤ ከዚያ ሰው ቤቴ ድረስ ጣሳ ይዞ ይመጣ ጀመር። በመሃሉ አነፍሳለሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ አሰጣለሁ። ሥራው ከባድ ነበር፣ ግን እንቅልፌ ተመለሰ። ነገ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል ብሎ ማሰብ ቀረ፤ ነገ ስንት ጣሳ እሰፍራለሁ ብቻ ሆነ። ነቀዝ ቦርቡሮ ልጣጩን ያስቀረውን ሦስት ኩንታል አረቄ የምታወጣ ሴት በከንቱ በሚባል ዋጋ ወሰደችልኝ። «ነቀዙስ?» ብላት «አብሮ ይፈላል» አለችኝ።

በኅዳር መንገዱ ሲደርቅ ጉቲን ገበያ ወርጄ አንድ ዳለቻ በሬ ገዛሁ። አባቴ ጥርሱን አየ፣ ጅራቱን ጎተተ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬደው።

«ከሸጥነው ያንሳል» አለ።

«ያንሳል» አልኩ።

«ይለምዳል» አለና ሣር ሊያመጣለት ሄደ። ጋሼ ሰይድ ወይፈናቸውን እያሻሹ ከአጥሩ ማዶ ያዩ ነበር። «እንኳን መጣ» አሉኝ፣ «እኔማ እንዴት ብዬ እምቢ እንደምለው ስጨነቅ ነው የከረምኩት።» በጥር አባቴ ሁለት በሬ ጠምዶ ወጣ። ማሳው ዳር ቆሜ ጅራፉን ስሰማ ከዚያ ወዲህ ካገኘሁት ከየትኛውም ትርፍ የበለጠ ጠገብኩ።

ዛሬ ነቀምቴ መጋዘን አለኝ፣ አኖ ከተማም በበርበሬ ወቅት እገዛለሁ። ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ እስካሁን አላውቅም፤ የሚያውቅም አላጋጠመኝም። የማውቀው ሳልገዛ በፊት ማን በምን መንገድ እንደሚወስድልኝ መጠየቅ ነው። ደህና ዋጋ ሲመጣልኝ ግማሹን እሸጣለሁ። ከሸጥኩ በኋላ ዋጋው ሲወጣ አያመኝም ብል ውሸት ነው፤ ያመኛል፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ንግድ ውስጥ የከረሙትን ሳያቸው ብልጦቹ አይደሉም፤ ትንሽ ኪሳራ ሲመጣ ሳያፍሩ የተቀበሉት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለናሆም አልነገርኩትም፣ በእሱ ዕድሜ እኔም አልሰማም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ልሽጥ ስትል ቁልፉን ተጭነህ ብሩ ወዲያው ይመጣል?»

«አብዛኛውን ጊዜ፣ ኤሱማ።»

«አብዛኛውን ጊዜ የእኛም መንገድ ክፍት ነበር።»

ለኮርሱ አልሰጠሁትም፤ ለኪሳራው ሰጠሁት። ቢያልቅ የማያስለቅሰውን ያህል ብር ቆጥሬ «በዚህ ነግድ፣ ሲያልቅ መጥተህ እንዴት እንዳለቀ ንገረኝ» አልኩት። ከኮርሱ ክፍያ ስለሚያንስ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን ኪሱ ከተተው። ልጁ ተስፋ አለው።

እሱ ከሄደ በኋላ የዚያን ክረምት ሂሳብ ለብቻዬ ደግሜ ሠራሁት። በሬው፣ ኪራዩ፣ ጆንያው፣ የስልክ ካርዱ ተቀንሶ በእጄ የቀረው ትርፍ መቶ አርባ ብር ነው።