ሽርጥ የተጋረደበት ደጅ

ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ሱቅ የሚቆለፈው ማታ ብቻ ነው። በሶላት ሰዓት ነጋዴው ደጁ ላይ ሽርጡን ወይም ያገኘውን ጨርቅ ይጋርድና መስጊድ ይሄዳል፤ ወርቅ ሻጩም እንደዚያው። ጨርቅ የተጋረደበት ሱቅ ውስጥ የሚገባ የለም፤ የቸኮለ ገዢ እንኳ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲነግድ አንዲት መርፌ አልጠፋችበትም። ታናሽ ወንድሜ ይህንኑ ልማድ ወረሰና ሌሶቶ ድረስ ይዞት ሄደ።

ሌሶቶ ደቡብ አፍሪካ ዙሪያዋን የከበባት፣ ተራራ ብቻ የሆነች ትንሽ አገር ናት። ወንድሜ እዚያ አንዲት የዳገት መንደር ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እናታችን ወደዚያ አካባቢ የሄዱ የጅጅጋ ልጆች በየሱቃቸው እየተዘረፉ መገደላቸውን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመስ ብሏታል። ሂጂና በሕይወት ይዘሽልኝ ነይ አለችኝ። እኔም ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ስነሳ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መኪናው ዳገቱ ግርጌ ሲያወርደኝ ወንድሜ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሻንጣዬን ተሸክሞ መውጣት ጀመረ፤ ትንሽ ሄድ ብሎ ግን ድንጋይ ተደግፎ ቆመ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«የተራራው ነው፣ አባዮ» አለኝ። በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ካራማራን ደራርበሽ ብታስቢው ነው እኮ!»

እኔ ወፍራሟ ሳልደክም እሱ በመድከሙ ሽማግሌ ሆንክ እንዴ ብዬ አሾፍኩበት። ዓይኔ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ወንዶቹ ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንበው፣ ዓይናቸው ብቻ እየታየ፣ ከየጉብታው ላይ ያዩናል። አንዱ በፈረስ ሆኖ እስከ ሱቁ ድረስ ከኋላ ከኋላችን መጣ። ሰውየውን አልወደድኩትም።

መንደሩ መስጊድ የለውም። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲደርስ ወንድሜ የአባታችንን አሮጌ ሽርጥ ደጁ ላይ ይጋርድና ከባንኮኒው ጀርባ ይሰግዳል። የብረት በር የለ፣ ፍርግርግ የለ። እኔ ፈርቼ ደጁ ላይ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ያ ባለፈረስ መጥቶ ዱላውን እንደያዘ ሽርጡ ፊት ተገተረ። ሰውየው ጨርቁን አየና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ወንድሜ ሽርጡን ሲያነሳ ክብሪት ገዝቶ ሄደ። ሊያጠናህ ነው የመጣው አልኩት ወንድሜን።

የብረት በር እንዲያስገጥም ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ወንድሜ ግን አልተረታም።

«በብረት እየዘጋሁባቸው እንዴት ደንበኞቼ ልበላቸው?» አለኝ። «ደግሞ ጨርቁን ለምደውታል። ጨርቁ ካለ አይገቡም።»

በመጨረሻ ለአረፋ ጠቅልሎ እንደሚገባ ቃል ሰጠኝ። ወደ አገሬ የተመለስኩ ዕለት ሻንጣዬን ባለፈረሱ ጭኖ ወሰደው፤ ወንድሜ ዳገቱን አልወረደም። ዞር ብዬ ሳየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። የአገራችን ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። እንደዚያ ሆነን ተለያየን።

አረፋ ሳይደርስ፣ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው ከመንደሩ በታች ባለች ከተማ የሚነግድ የጅጅጋ ልጅ ነው። ድምፁን ስሰማ ገባኝ። ማን ገደለው አልኩ። ማንም አልገደለውም አለኝ።

በረዶ የጣለበት ቀን ነበር። ወንድሜ ለዙሁር ሽርጡን ጋረደ። ገዢዎች መጡ፤ ጨርቁን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ዛሬ ጸሎቱ ረዘመ ተባባሉ። ባለፈረሱ ብርድ ልብሱን አውልቆ አንዲት አሮጊት አለበሰ። ሊመሽ ሲል ሽርጡን ገልጦ የገባው እሱ ነው። ወንድሜ መስገጃው ላይ ወድቋል፤ ገና ይተነፍስ ነበር። በፈረስ አድርጎ ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ሲያወርደው መንገድ ላይ አለፈ። ሐኪሙ ልቡ ነው፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ይተርፍ ነበር አለ። እዚያው ቀበሩት።

ልጁ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «ከሱቁ አንድም ነገር አልጠፋም» አለኝ።

ዛሬም በሶላት ሰዓት በጅጅጋ ገበያ አልፋለሁ። ጨርቅ የተጋረደበት ሱቅ ሳይ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ተቆጡኝ፤ አሁን ያውቁኛል፣ ዝም ይሉኛል። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጌ መሬቱን አያለሁ።