የጀበል አውሊያዋ አበባ

የምኖረው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ነው። ዓርብ ሥራ ስለሌለ ካሜራዬን ይዤ ከከተማው ወጣ እልና ጀበል አውሊያ ጋራ ላይ የዱር አበባ ስፈልግ እውላለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ በወሬ ብቻ የማውቃትን ሐምራዊ አበባ ከአንድ ድንጋይ ሥር አገኘኋት። በሆዴ ተኝቼ ነፋሱ እስኪቆም ስጠብቅ፣ ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ምን ጠፋብህ?» አሉኝ በዐረብኛ።

«ምንም አልጠፋብኝም፣ ያ ሐጅ። ይቺን አበባ ፎቶ ላነሳ ነው። ጋራው ላይ ሌላ የለችም።»

«ለእሷ ብለህ ነው ከካርቱም ድረስ የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ይዘህ የምትመለሰውስ ፎቶዋን ብቻ ነው?»

«ፎቶዋ ይበቃኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለመጠየቅ ያፈርኩ መስሏቸዋል። «ወላሂ፣ እኛ እያለን እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም» አሉ።

ነፋሱ ቆመ። ዓይኔን ካሜራው ላይ አድርጌ ልጫን ስል አንድ ወፍራም እጅ ገባበት። ደንግጬ ተጫንኩት፤ ያለኝ ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ቀና ስል ሽማግሌው የሥሯን አፈር አራግፈው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ተፈደል፣ ውሰዳት።»