ክብሬ የሞተበት የኮሪያ ቤት

ወገኖቼ፣ በታላቅ ሐዘን የማረዳችሁ ነገር አለ። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በስደት በምንኖርባት በአናንዴል ከተማ ክብሬ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ዎክ እያደረግን ነበር። በሰፈሩ የጡብ ቤቶች መሀል አንድ የድሮ ኮሪያ ዓይነት ቤት ቆሟል። የጣሪያው ጠርዝ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል፤ በሩ ወረቀት ነው፤ ምሰሶው መሬት አልተቀበረም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል።

«አንድ ምስማር እንኳ አይታይበትም እኮ!» አሉ እትዬ። ከበሩ ሥር ጫማዎች ተደርድረው ሲያዩ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ ልጄ?»

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር።

«አዎ፣ ታቦቱ ከኮሪያ የመጣ ነው» አልኳቸው።

እትዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ምሰሶውን ተሳለሙ። እኔ ቪዲዮ ልቀርጻቸው ከነጫማዬ የእንጨቱ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ። አንዲት ኮሪያዊት እናት ብቅ አሉ። ፖሊስ ኮል ሊያደርጉ ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

የእትዬን ባዶ እግር አዩና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ በእጃቸውም «ግቡ» አሏቸው። እኔን ሲያዩ ግን ጣታቸውን ወደ ጫማዬ ቀሰሩ።

አወለቅሁ። የግራ አውራ ጣቴ ካልሲዬን ቀዶ ብቅ አለ።

እትዬ በበሩ ወደ ውስጥ ሲያዩ ሶፋና ቴሌቪዥን ነው። ዞር ብለው ጣቴን አዩ።

«እሰይ! ታቦቱ የእጅህን ሰጠህ!»

አንድ ቃል የማይግባቡ ሁለት እናቶች ተደጋግፈው ሳቁብኝ።

እናንተንስ ካልሲ የት ቤት ነው ያዋረዳችሁ? ኮሜንት ላይ አስተዛዝኑኝ።

ለነገሩ የሞተው ክብሬ ሳይሆን አንድ የግራ ካልሲ ነው።