አራተኛው ፎቶ

ሰፈሩ «መቀስ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ቤቱ ሲገባ ሳህን ማጠብ ቀርቶ የበላበትን እንኳ አያነሳም። ሰበቡ ሞልቷል፤ ቆሜ ነው የዋልኩት፣ ወገቤን፣ ጣቶቼን። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሰምታ ሰምታ መልስ መስጠት ትታለች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ኦቲዝም አለባት፤ ንግግር አታበዛም፣ ያየችውን ግን አትረሳም። የእሷ ነገር ሲነሳ መቀስ ቀልዱ ሁሉ ይጠፋበታል። «እኛ ስንሞት ምን ይውጣታል?» የምትለዋ ሐሳብ እንቅልፍ ትነሳዋለች። ይህችን ሐሳብ በመጡ ቁጥር የሚቆሰቁሱበት ደግሞ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። «ይቺ ልጅ እንደሁ ለራሷ አትሆን» ይላሉ፣ ፊት ለፊቷ።

የትምህርት ቤቷ መምህርት መላ አመጣች፤ ዕቃ አጠባን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፎቶ እያነሳችሁ ከማጠቢያው በላይ በተራ ለጥፉላት አለች። ሚስት ስልኳን ያዘች። አጣቢ ሆኖ የሚነሳ ጠፋ።

«ና እንጂ! ለፎቶ ብቻ እጠብ ነው ያልኩህ!»

መቀስ እጅጌውን ሰብስቦ ቆመ። ሳህን አነሳ፣ ሳሙና ጨመረ፣ አሸ። አራተኛው ላይ ግን አመሉ አልለቅ አለውና ለካሜራው ምላሱን አወጣ። ሚስቱ ሳቋ ሲያሸንፋት ደግማ ሳታነሳው ቀረች።

ልጅቱ ፎቶዎቹን ትክ ብላ አየች፣ ያየችውንም ሠራች። ሳህን ታነሳለች፣ ሳሙና ትጨምራለች፣ ታሻለች፣ ከዚያ እንደ ዳኛ ኮስተር ብላ ምላሷን ታወጣለች። ቀጥሎ ታለቀልቃለች። በየሳህኑ! እናትየዋ ተናዳ አራተኛውን በጨዋ ፎቶ ቀየረችው። ልጅቱ የድሮው እስኪመለስ ቧንቧውን ዘግታ ቆመች።

«ይኸው፣ በአባቷ ወጣች» አለ መቀስ። ሚስቱ የወረወረችው ስፖንጅ ፊቱ ላይ አረፈ።

እሑድ ከምሳ በኋላ እህትየው መጡ። ሻይ ተቀዳላቸው። «እስቲ የምታወሩላትን ልየው» ብለው ወንበራቸውን ወደ ማጠቢያው አዞሩ። የሙቅ ውሃው እንፋሎት ፕላስተሩን አላልቶት ኖሮ፣ ልጅቱ ገና ቧንቧውን ስትከፍት ፎቶዎቹ ተራ በተራ አረፋው ውስጥ ወደቁ። ያለ ፎቶ ሠርታ አታውቅም። መቀስ ሊያነሳቸው ሲንደረደር ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«ተዋት።»

ልጅቱ ባዶውን ግድግዳ አየች። ከዚያ ሳህን አነሳች፣ ሳሙና ጨመረች፣ አሸች፣ ወደ አክስቷ ዞር ብላ ምላሷን አወጣች።

«ኧረ ጉድ! በእኔ ላይ?»

«እትዬ በሞቴ አይቆጡ! ከማለቅለቁ በፊት ያለው ሥራ ነው!» አለ መቀስ።

አንድም ሳይቀራት አጥባ ደረደረች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ቤቱን ቃኘች። ያልታጠበ አንድ ብርጭቆ ቀርቷል፤ እሱም ከነሻዩ እህትየው እጅ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ፎቶ ላይ አልነበረም፣ ማንም አላሳያትም። ሄደች፣ ከጣታቸው ፈልቅቃ ወሰደችው፣ ሻዩን ደፋችና ማጠብ ጀመረች።

«አልጨረስኩም እኮ» አሉ እህትየው፣ ቀስ ብለው።

ወሬ አልቆበት የማያውቀው መቀስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ።