ከመስኮቱ የተነሳው ሰማይ

ባልደረቦቿ «ደመና» ይሏታል። ትልልቅ ፎቶዎች አትሞ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሥራዋ ሰማይ መቀየር ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ተራራውን፣ ሜዳውን፣ ሐይቁን አንስተው ያመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከላይ ያለው ሰማይ እንደታጠበ አንሶላ ባዶ ነጭ ሆኖ ይመጣል። እሷ ያንን በኮምፒውተር ቆርጣ ታወጣና በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ የተነሳ ሰማይ ትተካበታለች። ጠዋት ስትገባ በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ፣ «ደመና፣ ዛሬ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተወው?» ይሏታል። «ለእርስዎ ስል ፀሐይ አደርገዋለሁ» ትላቸዋለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፀሐይዋ በቀኝ ሆና የዛፉ ጥላም ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም እንኳ ፎቶው ይቀፈዋል። ሐይቅ ካለ ውሃው ላይ የሚታየው ሰማይም አብሮ መቀየር አለበት። በየቅጠሉ መካከል የተረፈው ነጭ ደግሞ አንድ በአንድ ይለቀማል። ስለዚህ የሚስማማ ሰማይ እንዳይጠፋባት ካሜራዋን ከእጇ አትለይም፤ ከጣሪያ ላይም ሆነ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ያገኘችውን ታነሳለች።

እናቷ ታማ ስትተኛ ካሜራው አብሯት ሆስፒታል ገባ። አልጋው መስኮት ሥር ነበር። እናቷ ቀና ማለት ስለማትችል ከተኛችበት መንገዱም ሰዉም አይታያትም፤ የሚታያት ሰማይ ብቻ ነው።

«እኔም እንዳንቺ ሰማይ ሳይ መዋል ጀመርኩልሽ፤ ደሞዝ የሚከፍለኝ ነው የጠፋው» ብላ ታስቃት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ ከግራ በኩል ለስላሳ ብርሃን ወጣ። ደመናው እንደተባዘተ ጥጥ ሳስቷል። እናቷ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «አንሺው... ሳያልፍሽ» አለቻት። ልጅቷ ከአልጋው ወዲህ ቆማ አነሳችው። ቀትር ሳይሆን እናቷ ዐረፈች።

ታናሽ ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር። እየከነፈ ሲደርስ በአዲስ አንሶላ የተነጠፈ ባዶ አልጋ ጠበቀው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጠዋት እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አልነገረችው።

ወራት አለፉ። አለቃዋ ለአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ ግድግዳ የሚሞላ የሐይቅ ፎቶ ሰጣት። ብርሃኑ ከግራ የሚመጣ፣ ለስላሳ ነበር። ካላት ሰማይ ሁሉ ሞከረች፤ ሁሉም ተለጥፎ የመጣ መሰለ። የሚሆነው የቱ እንደሆነ ገና ከጅምሩ ታውቃለች። ፋይሉን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። በመጨረሻ ግን ጨክና ሆስፒታል ያነሳችውን ፎቶ የታችኛውን ክፍል ቆረጠች፤ ሰማዩን ከሐይቁ በላይ አኖረችው። ልክ ገባ።

«ይሄማ እዚያው የነበረ ነው የሚመስለው!» አለ አለቃዋ። «ከየት አገኘሽው?»

«ከመስኮት ነው ያነሳሁት» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ፎቶው ታትሞ ወለል ላይ በተዘረጋበት ቀን ወንድሟ ሊወስዳት መጣ። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ውብ ነው። የት ነው ይሄ?»

ልትዋሸው አልቻለችም። «ሐይቁን አላውቀውም። ሰማዩ ግን የእማዬ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ካልጋዋ አጠገብ ያነሳሁት ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «የእማዬን ሰማይ ሸጥሽው?»

«ሸጥኩት መሰለኝ።»

ትቷት ወጣ። ተከትላው ስትወጣ ጋቢና ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀምጦ አገኘችው። ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንሺው ያለችኝ ራሷ ናት» አለችው።

«እንዴት ብላ?» ስለዚያ ጠዋት ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ድምፅዋ ይሰማ ነበር? እኔን ጠየቀች?»

«ጠይቃለች። ‹ቀስ ብሎ ይንዳ በሉት› ነው ያለችው።»

ሁሉንም ነገረችው። መሪውን እንደያዘ ሰማት። እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጠረገውም።

«እኔ እኮ ያን ሰዓት አስፋልት ላይ አፍጥጬ ነበር» አለ። «እስቲ ሳይቆረጥ የነበረውን አሳዪኝ።»

ስልኳ ላይ ያስቀረችውን ከፍታ ሰጠችው። በታችኛው ጥግ የመስኮቱ ደፍ ይታያል፤ ደፉ ላይ የውሃ ኩባያ አለ፤ ከኩባያው ወዲህ የብርድ ልብሱ ጫፍ፣ ከእሱም በላይ ደብዝዞ ወደ ደመናው የተቀሰረ ጣት። ወንድሟ አውራ ጣቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ፤ ግን አልነካውም።

«ሰማዩን ለነሱ ተዪላቸው እታለም» አላት። «ለኔ የቆረጥሽውን አትሚልኝ።»

ተመልሳ ገብታ መዳፍ በምታህል ወረቀት ልታትምለት ተቀመጠች። ልማድ ሆኖባት፣ «ደብዝዛለች፤ ላጥራልህ?» አለችው።

«እንዳትነኪያት!»

እንደደበዘዘች አተመችለት። ወስዶ ከመሪው ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ሥር ለጠፋትና ሞተሩን አስነሳ። መንገዱን ሙሉ ስለ እናታቸው አወሩ፤ ስለ ቁጣዋ፣ ቁልፍ እየጣለች ጎረቤት ስለማስቸገሯ፣ ሲዘፈን ግጥሙን ስለማበላሸቷ። ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ ወሬው ገና አላለቀም ነበር። እሱም አልቆመም፤ እሷም አቁም አላለችውም።