ጠብቆ የተነበበ «አለ»

እሑድ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ፣ ስድስት ሴቶች ሆነን መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ሥርዓታችን ቀላል ነው፤ በየተራ አንዳንድ ቁጥር እናነባለን፣ ከዚያ እንከራከራለን። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ሰው ሲሳሳት ሳላርም ማለፍ አልችልም። ምላሴ ይቸኩላል፤ ስንቱን ተማሪ አስለቅሷል።

ከመካከላችን አንዷ ከጎረቤላ መጥታ ሱፍ እየፈተለች የምትሸጥ ጎረቤቴ ነች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ «ጉሮሮዬን ብርድ መትቶኛል፣ እለፉኝ» ትላለች። በደብረ ብርሃን ብርድ ማን ይጠራጠራል? ሁለት ዓመት ሙሉ አለፍናት። የሰማችውን ታሪክ ግን ከሁላችንም አብልጣ ታስታውሳለች። ታዲያ አንድ ቀን፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሚያዝያ፣ ያንኑ ብርድ ስታነሳ ቱግ አልኩ።

«ኧረ በየትኛው ዘመን ነው ይሄ ጉሮሮሽ የሚድነው?»

ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ወደኋላ ቀረች። «እትዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አደራ፣ እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! አፈርኩ። በማግስቱ ከ«ሀ» ጀመርን። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሳይል ጭቃ ሳይል መጣች፤ እንዝርቷን አስቀምጣ እርሳስ ትይዛለች። መስከረም ሲጠባ «አንዲት ቁጥር በራሴ አፍ ላንብብ» አለች። «ከተሳቀብኝ ግን ሁለተኛ እግሬ እዚህ ቤት አይረግጥም።»

እሑድ ተራዋ ደረሰ። ልማድ ሆኖብን ልናልፋት ስንል «ቆዩ፣ አነባለሁ» ብላ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። እኔ ከእሷ ብሼ ላብ አጠመቀኝ።

«ጌታም… አለ» ብላ ጀመረች። ያ «አለ» ላልቶ «ተናገረ» ማለት ነበር። እሷ ግን አጥብቃ፣ «ይኖራል» እንደማለት አነበበችው። ከጎኗ ያለችው ፍርፍር ብላ ሳቀች። እኔም ጉደኛዋ ማስጠንቀቂያዋን ሁሉ ረስቼ «ላላ አድርጊው እንጂ! ተናገረ ለማለት ነው» ብዬ አረፍኩት!

ቀና ብላ በሩን አየች። ሄደች፣ በቃ፣ በገዛ አፌ አባረርኳት አልኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ከሌለማ እንዴት ብሎ ይናገራል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መጀመሪያ የሳቀችባት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት ስሰርዝ የኖርኩት ሴትዮ የማርመው አጣሁ። ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ።

እሷ ግን ሳቃችንን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ቁጥሯን ጨረሰች፣ ቀጣዩንም ጀመረች። ከጎኗ ያለችው «ኧረ እሱ የእኔ ተራ ነው!» ብትላት ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሳ እንዲህ አለቻት፦

«ሁለት ዓመት ሙሉ ተራዬን ስሰጣችሁ አልኖርኩም? ዛሬ ዝም በሉኝ።»